የመተዋወቂያ ጨዋታ

የመተዋወቂያ ጨዋታ ወይም አይስብሬከር በስብሰባ፣ በሥልጠና ወይም በትምህርት መጀመሪያ ላይ ተሳታፊዎች እንዲቀራረቡ የሚደረግ አጭር ተግባር ነው። አይስብሬከር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በረዶ እየሰበረ ለሌሎች መርከቦች መንገድ የሚከፍት መርከብንም ያመለክታል። ጨዋታው በዚህ ስም የተጠራው በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ያለውን ዝምታ ስለሚሰብር ነው።

ዓላማ

ዋናው ዓላማ ማሳቅ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው ከውይይቱ በፊት ድምፁን እንዲያሰማ ማድረግ ነው። በስብሰባ መጀመሪያ ዝም ያለ ሰው ጠቃሚ ሐሳብ ቢኖረውም እስከ መጨረሻው ዝም ሊል ይችላል።

ጥናቶች

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አርተር አሮንና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ተማሪዎች በጥንድ ሆነው ለ45 ደቂቃ ተጠያየቁ። ከቀላል ተነስተው ቀስ በቀስ ወደ ግላዊ ጉዳይ የሚያመሩ ጥያቄዎች የደረሷቸው ጥንዶች ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ መቀራረብ ተሰምቷቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ዝርዝርም የቡድኑ አባላት ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። ዝርዝሩ በ8 አገሮች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ሲሞከር የታካሚዎች ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ዝርዝሩ ሌሎች ብዙ ጥንቃቄዎችን ስለሚይዝ ውጤቱ ከመተዋወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። ሆኖም ዝርዝሩን ያዘጋጀውን ቡድን የመሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም አቱል ጋዋንዴ እንደሚያስረዱት፣ አስቀድሞ የመናገር ዕድል ያገኘ ባለሙያ ችግር ሲያይ ለመናገር ይደፍራል።

ዓይነቶች

• በጥንድ ማስተዋወቅ፦ ሁለት ሰዎች ይጠያየቁና እያንዳንዱ ራሱን ሳይሆን ጓደኛውን ለቡድኑ ያስተዋውቃል። ስለ ራሱ መናገር ለሚያፍር ሰው ይመቻል።
• ሁለት እውነትና አንድ ውሸት፦ ተሳታፊው ስለ ራሱ ሦስት ነገር ይናገራል፤ ሌሎቹ ውሸቱን ይገምታሉ።
• የሰው ቢንጎ፦ «ሦስት ቋንቋ የሚናገር» የመሳሰሉ መግለጫዎች በሰንጠረዥ ይጻፋሉ፤ ተሳታፊዎች እየተዘዋወሩ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ሰው ይፈልጋሉ።
• የማርሽሜሎው ግንብ፦ ትንንሽ ቡድኖች በ18 ደቂቃ ውስጥ ከ20 ደረቅ ስፓጌቲ፣ ከክርና ከፕላስተር ግንብ ሠርተው ጫፉ ላይ ማርሽሜሎው የተባለውን ለስላሳ ጣፋጭ ያስቀምጣሉ። ለአጭር ስብሰባ አይሆንም።

አካሄድ

አወያዩ መመሪያውን በአጭሩ ይናገርና ራሱ ምሳሌ በመስጠት ይጀምራል። 30 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1 ደቂቃ ቢናገሩ ግማሽ ሰዓት ስለሚያልቅ ትልቅ ቡድን በሦስት ወይም በአራት ሰው ይከፈላል። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌሎቹ የእሱን አነጋገር ሊከተሉ ስለሚችሉ ተራው ወደ መሃል ቢሆን ይመረጣል። በአማርኛ በሚካሄድ ስብሰባ ተሳታፊዎች «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» እንደሚባባሉ አስቀድሞ መስማማት ታላላቆችን ከቅሬታ፣ ታናናሾችን ከመሳቀቅ ያድናል።

ጥንቃቄ

ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅና ስለ ገቢ የሚጠይቁ ጨዋታዎች ሰውን ሊያሸማቅቁ ይችላሉ። መዝለልን ወይም መነካካትን የሚጠይቁትም ለሁሉም አይመቹም። ስለዚህ ማንም ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ተራውን ማለፍ እንዲችል ይደረጋል። በሚገባ የሚተዋወቁ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ጊዜ ከጨዋታ ይልቅ ሁሉም በአጭሩ የሚመልሱት፣ ከዕለቱ አጀንዳ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ ይበቃል።