አቅኚ አባት፣ ደረሰኝ፣ ደብተር፦ የሀብሩ መሬት የሙግት ዘመናት

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወጣ መንገደኛ መርሳን ካለፈ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሲሪንቃን ያገኛል። አገሩ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው በግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የተባሉ የማሽላ ዝርያዎች ሲነሱ የሲሪንቃም ስም አብሮ ይነሳል። በምርምር ማሳ ላይ እያንዳንዱ መደብ ቁጥር አለው፤ ንድፉ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ይህ መደብ የአያቴ ነው ብሎ የሚነሳ የለም። ከአጥሩ ወዲያ የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ማሳ ይጀምራል። እዚያ ድንበሩ ድንጋይ ነው፣ ጉቶ ነው፣ የጎርፍ መውረጃ ነው፤ ዳኛ ፊት ሲደርስ ደግሞ የሰው ቃል ነው።

የዚያ ማሳ ባለቤት ማን ነው? ጥያቄው በየዘመኑ ተጠይቆ በየዘመኑ ሌላ መልስ አግኝቷል። መልሱ ይለያይ እንጂ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም ባይ ነኝ። ሀብሩ ባለበት በየጁ አገር ሰውን ባለመሬት ያሰኘው በአብዛኛው ለመንግሥት የገበረው ግብር ነው፤ የስጦታ ጽሑፍ የነበረው ጥቂት ነው፣ የግዢ ውል የነበረውም ጥቂት ነው። መንግሥት ግብሩን፣ ተቀባዩንና ከፋዩን በለወጠ ቁጥር ባለመሬቱ ተለወጠ፤ ሙግቱም አዲስ ዳኛ አገኘ እንጂ አልሞተም።

ድሮ በአንድ ማሳ ላይ ሦስት ሰው “መሬቴ” ቢል ሦስቱም ላይዋሹ ይችላሉ። ባለርስቱ መሬቱን ያቀናው አባት ዘር ነኝ ይላል፤ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ እዚያ ከደረሰ ድርሻ ይገባዋል። ባለጉልቱ መሬቱን አያርስም፤ ንጉሡ ወይም ገዥው ግብሩን እንዲበላ የሰጠው ሹም፣ ወታደር ወይም ደብር ነው። ቤተ ክርስቲያንም ቀዳሹና ደብተራው የሚያድሩበት የሰሞን መሬት ነበራት። ከሀብሩ ወደ ደቡብ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚህ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። የአገሪቱ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ የሚለው የቆየ ትውፊት ከይኩኖ አምላክ መንገሥ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚታወቀው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ ወንጌልም የዚያው ገዳም ነው።

የጉልት ስጦታ ሲጻፍ የሚጻፈው እንዲህ ባለ መጽሐፍ ላይ ነበር፤ በወንጌሉ ባዶ ገጽ፣ በኅዳጉ። የሰጪው ንጉሥ ስም ይቀድማል፣ የመሬቱ ስም ይከተላል፣ ምስክር የሆኑት ሹማምንት ይቆጠራሉ፣ በመጨረሻም ስጦታውን የሚያፈርስ ሰው ይወገዛል። መዝገብ ቤት ባልነበረበት አገር ወንጌሉ መዝገብ፣ ግዝቱ ማኅተም ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጽሐፍ አሳትሟል። ከጽሑፎቹ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ የሰጪውና የተቀባዩ ስም ተጽፏል፣ የአራሹ ስም ግን የለም። የገበሬው መብት በቃል የሚታወቅ ስለነበር ይጻፍ ያለ አልነበረም።

ይህ የቃል መብት በጉልበተኛ ፊት ሁልጊዜ አልቆመም። ከየጁ ተነስተው ጎንደርን በእንደራሴነት ከገዙት መሳፍንት አንዱ የሆኑት ራስ ጉግሳ፣ ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበጌምድርን ባላባቶች ርስት የመንግሥት ነው ብለው አወጁ እየተባለ ይተረካል። መሬት የመንግሥት ነው የሚለውን አዋጅ የደርግ ፈጠራ አድርጎ የሚያይ ሰው ከራስ ጉግሳ ጋር ቢተዋወቅ አይከፋም።

የርስት ሙግት ራሱን የቻለ ዓለም ነበር። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” ይባላል፤ የጊዜ ገደብ የለውምና። ከሳሽ አገር ጥሎ ጠፍቶ የቆየ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ተመልሶ የዘር ሐረጉን ይቆጥርና ድርሻዬን ይላል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ችሎቱ ዛፍ ሥር ነው። ተሟጋቹ ዘንጉን እየወዘወዘ፣ ኩታውን እያጣፋ፣ “የተናገርሁት ሐሰት ቢሆን በቅሎ እሰጥ” ይላል፤ ባላጋራው “አገባሁ” ካለ በቅሎዋም ከመሬቱ ጋር ሙግት ውስጥ ገባች ማለት ነው። ሽማግሌዎች ምለው ከአቅኚው አባት እስከ ከሳሹ ድረስ ያለውን ትውልድ ይቆጥራሉ። አንድ ስም ከዘለሉ ነገሩ ተበላሸ። የጭቃ ሹሙ ፍርድ ያላጠገበው ወደ ምስለኔው፣ ከዚያ ወደ ገዥው፣ ሲብስም ስንቁን ቋጥሮ አዲስ አበባ አፈ ንጉሡ ዘንድ ይዘልቃል። ለአንድ ጥማድ መሬት ጥንድ በሬ የሸጠ ተሟጋች ብርቅ አልነበረም። ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ርስት አልባ ሰው በአገሩ እንደ መጤ ይቆጠር ነበርና የሚሟገተው ለእህል ብቻ አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ግብርን በገንዘብና በደረሰኝ አደረገ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በጋሻ ለለም 15፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5 ብር ወሰነ፤ አሥራቱ በላዩ ይጨመራል። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም፤ ወሎ ግን ገባ። በአባት የሚቆጠረው መሬት በጋሻ መቆጠር ሲጀምር ደረሰኝ የሚባል አዲስ ምስክር ተወለደ። በብዙ የሰሜን አገር ግን ግብሩን ከዘመዶቹ ሰብስቦ የሚከፍለው የቤተ ዘመዱ አለቃ ነው፤ ደረሰኙ በእሱ ስም ይቆረጣል። ምንዝር የሚባሉት ዘመዶቹ በእጁ ከፍለዋል፣ በእጃቸው ግን ወረቀት የላቸውም። አለቃው እስካለ ችግር የለም። እሱ ሞቶ ልጁ ሳጥኑን ሲከፍት፣ የዘመዶቹ ሁሉ መሬት በአባቱ ስም ተጽፎ ያገኛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደረሰኙ ጉልበት ጨመረለት። አንቀጽ 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረትን በእጁ አድርጎ 15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ወዲያው ደግሞ በልማድ የቤተ ዘመድ የሆነን መሬት አንዱ ዘመድ በሌላው ላይ በዚህ መንገድ ሊያገኘው አይችልም ብሎ ያጥራል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ይህች ማጠሪያ ግን የሐበሻ ርስት ጠረን አላት። ውጤቷ ምን ሆነ? ባለደረሰኙ “ከሳሹ ዘመዴ አይደለም” ማለት አለበት፤ ከሳሹም “ነኝ” ብሎ ትውልድ መቁጠር። ዘመናዊው ፍርድ ቤት ዛፍ ሥር ወደነበረው ጥያቄ ዞሮ ገባ።

እነዚያ ዓመታት ለየጁ የሰላም ዓመታት አልነበሩም። በ1940 ዓ.ም. እና በ1962 ዓ.ም. ገበሬው አምፆአል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ መሬት መነጠቅ ነበር። በመካከሉ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ መንግሥት ርስተ ጉልትንና ሲሶ ጉልትን በአዋጅ ሻረ፤ ግብሩ ያለ አማላጅ ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ሆነ። በጭሰኛውና በባለመሬቱ መካከል ያለው ነገር ግን እንደነበረ ቀረ። የ1965ቱ ረሀብ ወሎን የመታው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው። ረሀብና የመሬት ሙግት ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው፦ እህል ያጣ ሰው መሬቱን ወለድ አገድ ያስይዛል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት በወለዱ ፈንታ ምርቱን ይበላል። ብሩ ሳይመለስ ሁለቱም ከሞቱ፣ ልጆቻቸው ስለ ውሉ ሳይሆን ስለ መሬቱ ይካሰሳሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የሚበልጥ እንዳይሰጥ ተወሰነ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ወለድ አገድ ተከለከለ። በ800 ሄክታር አንድ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም የራሱ የፍርድ ሸንጎ ኖረው፤ የመሬት ነገር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ እዚያ ገባ። ሰባት ትውልድ መቁጠር በአንድ ቀን ዋጋ አጣ ማለት ይቀላል። ነገር ግን በሸንጎው ላይ የተቀመጡት ያው የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ግብሩም ቢሆን ቀረ አይባልም፤ ማኅበሩ ውስጥ ተመዝግቦ፣ መዋጮውን ከፍሎ፣ ስብሰባውን ተሰብስቦ የኖረ ሰው ድርሻው ጸናለት።

በሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለ ሙግት ስመ ጥር የሆነው የስፔን ነገሥታት በቅኝ ግዛታቸው የሰጡት መሬት ነው። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮንና ጎረቤቶቿን ከሜክሲኮ የወሰደችው እ.ኤ.አ. በ1848 በተፈረመ ውል ሲሆን የነዋሪዎቹን ንብረት እንደምታከብር ቃል ገብታ ነበር። ለዚሁ ጉዳይ ከ1891 እስከ 1904 የቆየ ልዩ ፍርድ ቤት ቢቋቋምም፣ በኒው ሜክሲኮ ከተጠየቀው 35 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የጸደቀው ወደ 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። መንደሩ በጋራ የሚያሰማራበት ግጦሽና የሚለቅመው ጫካ ብራናው ላይ ቢኖርም በዳኛው ዓይን የግል ንብረት ስላልሆነ ተወሰደ። ቂሙ ከ60 ዓመት በኋላም አልበረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የባለስጦታዎቹ ተወላጆች መሣሪያ ይዘው ቲየራ አማሪያ የሚገኘውን ፍርድ ቤት ወረሩ። ወረቀት ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋም፦ ጄምስ ሪቪስ የሚባል ሰው የስፔን ስጦታ ወራሽ ነኝ ብሎ ሰነድ ፈጥሮ የአሪዞናን ሰፊ ምድር የእኔ ነው አለ፤ በ1895 ውሸቱ ተገልጦ ወህኒ ወረደ። ፊሊፒንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ከእኛ የመሬት አዋጅ አንድ ዓመት በኋላ፣ የስፔን ዘመን ሰነድ ያለው በስድስት ወር ውስጥ በአዲሱ መዝገብ ያስመዝግብ፣ ከዚያ ወዲያ ማስረጃነቱ ቀርቷል ብላ አወጀች። ማኒላ አሮጌውን ወረቀት በቀነ ገደብ ልትሽረው ቻለች። የየጁ ገበሬ መብት ግን የሚሻር ወረቀት አልነበረውም፤ በሽማግሌ ቃል ላይ የቆመ ስለነበር አዋጁ ሲለዋወጥ እሱ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ቆየ።

በሰሜን ወሎ ሌላ ሽግሽግ የመጣው ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ኢሕአዴግ አካባቢውን ከያዘ በኋላ፣ በ1983 ዓ.ም. ገደማ ነው። ብዙ የተጻፈለትና ብዙ ያስለቀሰው የ1989ኙ የጎጃምና የሰሜን ሸዋ ድልድል፣ ያ ሰውን “ቢሮክራሲ” እና “የፊውዳል ቅሪት” እያለ የለየው፣ ከዚህ የተለየ ነው። ሀብሩ ላይ የዛሬው ይዞታ መነሻ በአብዛኛው የ1983ቱ ነው። ያኔ በቤተሰብ ቁጥር ተሰጠ፤ ያኔ ያልተወለደው ዛሬ ባለትዳር ነው፣ መሬት ግን የለውም። ከፊሉ ወደ ሳዑዲ አቀና፤ የቀረው ከአባቱ ማሳ ላይ እየሸረፈ ያርሳል።

የአማራ ክልል መንግሥት ይዞታን መዝግቦ ደብተር መስጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ደብተሩ የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ዘመን ትልቁ ለውጥ ይኸው ነው፤ በወንጌሉ ኅዳግም በደረሰኙም ላይ ስሟ ያልነበረ ሴት እዚህ ላይ አለች፣ ስትፋታ ፍርድ ቤት ይዛ የምትቀርበው ነገር አላት። ድክመቱ ልኬቱ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ የለውም፤ ማሳውን የሚያውቀው በአዋሳኙ ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ገደል፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ እገሊት። እገሌ ሲሞትና መሬቱ ለሦስት ልጆቹ ሲከፈል፣ መንገዱ ሲሰፋ፣ ገደሉም ሲናድ ደብተሩ ስለየትኛው ማሳ እንደሚናገር ማስረዳት ይቸግራል። ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ የተሠራው ሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት የመጣው ይህን ለማረም ነው። ያኔም ቢሆን ድንበሩን በጣታቸው የሚያመለክቱት ጎረቤቶቹና የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ ኮሚቴው ያዳላል የሚል አቤቱታም ከምዝገባው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወልዲያንና መርሳን ይዞ ሲቆይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፣ የሲሪንቃ ምርምር ማዕከልም ከዝርፊያና ከውድመት አልተረፈም። መዝገብ በጠፋበት ቦታ ደብተሩ በቤቱ የተረፈለት ሰው ዕድለኛ ነው። ሁለቱንም ያጣ ዳግመኛ በሽማግሌ ምስክርነት ይቆማል፤ ሽማግሌውም የ1983ቱን ድልድል ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውን ባለርስት ያስታውሳል።

አሁን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ መብቱ የገበሬው፣ መያዣው የአበዳሪው ተቋም ሊሆን ነው። በ1967 የተከለከለው ወለድ አገድ በየመንደሩ በሹክሹክታ ሲደረግ ኖሯል፤ ክርክሩ ሰበር ሰሚ ችሎት ሲደርስም ውሉ ፈራሽ ነው እየተባለ ተመልሷል። አሁን ባንኩ በር ላይ የሚቆመው ገበሬና ለጎረቤቱ በቃል ያስያዘው ገበሬ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ማሳውም አንድ። ዳኛው የማንን መያዣ እንደሚያስቀድም አዋጁ ይነግረዋል፤ ጎረቤትየው ግን ማሳው ላይ ማሽላ ዘርቷል፣ ላለፉት ክረምቶችም የመሬት መጠቀሚያውን ግብር በባለደብተሩ ስም የከፈለው እሱ ነው።