ከትል የተነሳ የወጡ ዓይኖች

ከ70 ዓመት በፊት ብሌኑ ነጭ ሆኖ የሚታይ ሕፃን ሐኪም ቤት ሲቀርብ፣ የመጀመሪያው ፍርሃት ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ነበር። ይህ ካንሰር በነርቩ በኩል ወደ አንጎል ከዘለቀ ይገድላል። ስለዚህ ነፍሱን ለማትረፍ ሲባል ዓይኑ ይወጣል።

የወጡት ዓይኖች ግን አልተጣሉም። ብዙዎቹ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ተቋም ተቀምጠው ነበር። በዚያ የምትሠራው ሄለኖር ዊልደር የሕክምና ዲግሪ አልነበራትም፤ በላቦራቶሪ ሥራ ተክና የዓይን ፓቶሎጂን ጠንቅቃ ያወቀች ባለሙያ ነበረች። በብርቱ ብግነት የተጎዱ፣ አብዛኞቹ በካንሰር ጥርጣሬ የወጡ 46 ዓይኖችን በስስ በስሱ እየቆረጠች በማይክሮስኮፕ ፈተሸች። እ.ኤ.አ. በ1950 ውጤቱን አሳተመች፦ በ24ቱ ውስጥ የነበረው ዕጢ ሳይሆን የትል እጭ ወይም የእጩ ቅሪት ነበር። ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው።

እጩ የምን ትል እንደሆነ ግን እሷም ተሳስታለች፤ የመንጠቆ ትል መስሏት ነበር። በ1952 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ፖል ቢቨርና ባልደረቦቹ በታመሙ ሕፃናት ሰውነት ውስጥ የሚዞረው የውሻ ወስፋት እጭ መሆኑን አሳዩ። በ1956 ደግሞ ሮጀር ኒኮልስ የዊልደርን ናሙናዎች መልሶ አይቶ የዓይኑም ጥፋተኛ ያው የውሻ ወስፋት መሆኑን ለየ።

የትሉ እንቁላል ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር አፈር ላይ ይወድቃል። አፈር የነካ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ይውጠዋል። እጩ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ሆኖም የሰው ሰውነት ቤቱ ስላልሆነ አድጎ ትል መሆን አይችልም። በደም እየዞረ ይንከራተታል፤ ዕድል የከፋበት ልጅ ዓይን ውስጥ ይቀራል። በአብዛኛው የሚጠቃው አንድ ዓይን ብቻ ስለሆነና ልጅ «አላይም» ብሎ ስለማይናገር፣ ቤተሰብ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ዊልደር በዚህ አላቆመችም። በ1952 በሳንባ ነቀርሳ፣ በቂጥኝና በመሳሰሉት ሲመካኝ የኖረ የዓይን ብግነት በነበረባቸው 53 ዓይኖች ውስጥ ቶክሶፕላዝማን አገኘች። ይህ ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ብቻ ሳይሆን ባልበሰለ ሥጋም ይተላለፋል። በኢትዮጵያ ስለ ጥሬ ሥጋ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ኮሶን ነው፤ ስለ ዓይን የሚያነሳ እምብዛም የለም።