የቂሊንጦ ቁልፎች

ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይታያል። አንዱ ላፕቶፑን በጀርባው ያዘለ ተማሪ ሲሆን መድረሻው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላዋ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለች እናት ናት፤ እርሷ ደግሞ ወደ ማረሚያ ቤቱ ትሄዳለች። «ቂሊንጦ» ሲባል አገሩ ቀድሞ የሚያስበው ይህን ሁለተኛውን ነው። ውድ አንባብያን፣ ይህች አጭር ጽሑፍ ግን ሁለቱ ግቢዎች በአንድ የትምህርት ዘርፍ ምክንያት ስለተገናኙበት ዓመት ታወራለች።

ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በማግሥቱ በ2004 ዓ.ም. ነበር። ጊዜው ከመቶ ሰባ የሚሆነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና በመንግሥት የተወሰነበት ዘመን ነበር። በ2006 ዓ.ም. ቂሊንጦ ከአዳማው አቻው ጋር ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተጠሪ ሆነ። ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ የቅርብ ዘመድ የሆነው የሶፍትዌር ምህንድስና ነው።

በዓለም ዙሪያ ይህን ዘርፍ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ውሎ አድሮ ከአንድ ርእስ ጋር ይገናኛል፤ መልእክትን ስለ መመስጠር። ከጥንት ጀምሮ የምስጠራ ችግሩ ቁልፉ ነበር። መልእክቱን የቆለፍኩበትን ቁልፍ ለተቀባዩ በምን መንገድ ላድርስለት? በመንገድ ቢሰረቅስ? እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መውጫውን አሳተሙ። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለማንም የሚሰጥ የአደባባይ ቁልፍ፣ ሌላው ከባለቤቱ እጅ የማይወጣ የግል ቁልፍ። በአደባባዩ የተቆለፈ በግሉ ብቻ ይከፈታል። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ሦስት ሊቃውንት ይህን ሐሳብ በቁጥር ሥራ ላይ አዋሉት። ምሥጢሩ ለሚሰማው ሰው የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። 53ን በ61 ማባዛት ለማንም አይከብድም። «3,233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው?» ሲባል ግን ወረቀትና እርሳስ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኃዞች ሲኖሯቸው ዛሬ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ተባብሮም አይፈታቸውም። እኔ ቀኑን በባንክ መስኮት ኋላ የማሳልፍ ሰው ነኝ። ደንበኛው በገንዘብ መክፈያው ማሽን ላይ የሚነካካት የምሥጢር ቁጥር በመስመሩ የምትጓዘው ተመስጥራ መሆኑን ብዙው ሰው አያውቅም፤ ማወቅም አያሻውም።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነገሩ ባዕድ አይደለም። ቅኔውን እንተወው፤ ስለ ሰምና ወርቅ ብዙ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የወፍ ቋንቋ ነው። የሰፈር ልጆች በየፊደሉ ኋላ «ዘ»ን ከድምፁ ጋር እያስማሙ «ሰላም»ን «ሰዘላዛምዝ» ሲሉ ምስጠራ እየሠሩ ነው፤ ቁልፉን የማያውቅ ዐዋቂ ከጨዋታው ውጭ ይቀራል። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችንና የዛር ባለቤቶችን የምሥጢር ቋንቋዎች ሰብስቧል። አዝማሪው ይህን ቋንቋ የሚናገረው አገር ሊገለብጥ አልነበረም። ጌታው ፊት ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር ስለ ራሱ ጉዳይ መነጋገር ቢያስፈልገው ነው እንጂ።

አሁን ወደ 2006 ዓ.ም. እንመለስ። ሚያዝያ 17 ቀንና በማግሥቱ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። (ጦማር በግእዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ለአዲሱ ነገር ይህን የመሰለ አሮጌ ቃል መገኘቱ ደስ ይለኛል።) ማዕከላዊ ከቆዩ በኋላ ወንዶቹ ወደ ቂሊንጦ፣ ሁለቱ ሴቶች ወደ ቃሊቲ ተወሰዱ። በሐምሌ ወር በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባለው የዲጂታል ደኅንነት መመሪያ መሠልጠናቸው ነበር። ይህ መመሪያ ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነጻ የሚያወርደው ነው። የሚያስተምረውም ጠንካራ የይለፍ ቃል ስለ መምረጥ፣ ፋይልንና ደብዳቤን ስለ መመስጠር ነው።

እንግዲህ ያን ዓመት በአንዱ የቂሊንጦ አጥር ውስጥ መንግሥት የሚከፍልበት ትምህርት፣ በሌላው አጥር ውስጥ የክስ ጭብጥ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ አሽሙር መጨመር አያስፈልገውም። አንድ ነገር ግን መባል አለበት። ዐቃቤ ሕጉ ምስጠራን ያየው እንደ መሸሸጊያ ነበር፤ የተቆለፈ ነገር ሁሉ ወንጀል ያዘለ ይመስለው ነበር። በዚህ አስተሳሰብ የሄደ ሰው የታሸገ ፖስታንም መጠርጠር ይኖርበታል።

አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከቀሩት ከሽብርተኝነቱ ክስ ነጻ አሰናበተ፤ አንደኛው ብቻ በተራ የወንጀል ክስ እንዲከላከል ተባለ። የዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን በማረሚያ ቤቱ እሳት ተነሣ፤ መንግሥት 23 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። የመጡት እናቶች ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ከአጥሩ ውጭ ጭሱን እያዩ ቆመው፣ የልጆቻቸውን ስም ከሞቱት ወይም ከተረፉት ዝርዝር ለማግኘት ቀናት ጠብቀዋል።

በ2010 ዓ.ም. በጦማርያኑ ላይ የቀረው ክስ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጣ። አዋጁ የአደባባይ ቁልፍንና የግል ቁልፍን በሕግ ቋንቋ ያስገባል፤ የሥርዓቱም የበላይ ጠባቂ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ እንዲሆን ይደነግጋል።