የካብሪኒ ግሪን መስታወት

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1987 አንድ ምሽት፣ አንዲት የ52 ዓመት የቺካጎ ነዋሪ ለፖሊስ ደወለች። ሰዎች በመታጠቢያ ቤቷ ግድግዳ በኩል ሊገቡባት እንደሆነ ተናገረች። ፖሊሶች መጥተው በሯን አንኳኩ፤ መልስ ሲያጡ ተመለሱ። በጥይት ተገድላ የተገኘችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

በግድግዳ ስለሚገባ ሰው መናገሯ ለሰሚው ቅዠት ይመስል ይሆናል። እሷ በምትኖርበት የመንግሥት ፎቅ ግን የሁለት ጎረቤታሞች መታጠቢያ ክፍሎች ጀርባና ጀርባ ሆነው ነበር የተሠሩት። በመሃላቸው የቧንቧ ማለፊያ ክፍተት አለ። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ያለው ባለመስታወት የመድኃኒት ሣጥን ከተነቀለ፣ ሰው በቀዳዳው ሾልኮ ይገባል። ነዋሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ቺካጎ ሪደር የተባለው ጋዜጣም በዚያው ዓመት ታሪኩን በዝርዝር ጻፈው።

ከ5 ዓመት በኋላ መስታወቱ በሲኒማ ታየ። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር በርናርድ ሮዝ “ካንዲማን” የተባለውን ፊልም የሠራው ከክላይቭ ባርከር አጭር ልብ ወለድ ተነስቶ ነው። ባርከር ታሪኩን ያኖረው በእንግሊዟ ሊቨርፑል፣ በድሆች መንደር ውስጥ ነበር። ሮዝ ወደ ቺካጎ አምጥቶ ካብሪኒ ግሪን በተባለው ሰፈር ተከለው። የአሜሪካ ልጆች በመስታወት ፊት ስሟን እየደጋገሙ የሚጠሯትን የብለዲ ሜሪን ወሬም ጨመረበት፤ የካንዲማንን ስም 5 ጊዜ የጠራ ሰው በመንጠቆ ይገደላል።

ቶኒ ቶድ የተጫወተው ካንዲማን የባሪያ ልጅ የሆነ ሠዓሊ ነው። ነጭ ሴት በመውደዱ ምክንያት እጁን ቆርጠው፣ ማር ቀብተው ለንብ የሰጡት ሰው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አሜሪካ በጥቁሮች ላይ የፈጸመችው የደቦ ግድያ በግልጽ ይታያል። በቀረጻው ንቦቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ቶድም 23 ጊዜ መነደፉን ተናግሯል።

ካብሪኒ ግሪን ግን ሲጀመር የተስፋ ሰፈር ነበር። ቀድሞ በቦታው የነበረው መንደር “ትንሿ ሲኦል” ይባል ነበር። በ1942 ከተማዋ ዝቅተኛ ተያያዥ ቤቶችን ሠርታ በጣሊያን ተወላጇ መነኩሲት በፍራንሲስ ካብሪኒ ስም ሰየመቻቸው። በ1958 እና በ1962 ረጃጅሞቹ ፎቆች ተጨመሩ። ቤቶቹ 3,600 ያህል ሲደርሱ፣ ነዋሪው በበዛበት ጊዜ 15,000 ገደማ ሆነ።

ከዚያ ጥገናው ቀረ። አሳንሰሮች ቆሙ፣ መብራቶች ጠፉ፣ ባዶ የቀሩ ቤቶችን ወሮበሎች ያዟቸው። በአካባቢው የነበሩ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ሥራም አብሮ ሄደ። በ1981 ከንቲባ ጄን በርን ሁኔታውን ለማሳየት ራሳቸው ገብተው ለሦስት ሳምንት ያህል ኖሩ። እርሳቸው ሲወጡ ችግሩ እዚያው ቀረ።

ጥቅምት 13 ቀን 1992 አንድ የ7 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በካብሪኒ ግሪን በጥይት ተገደለ። “ካንዲማን” በሲኒማ ቤቶች የተከፈተው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ስም ለብዙ አሜሪካውያን የፍርሃት ስም ሆነ። እዚያ የሚኖሩት እናቶችና ልጆች ከማንም በላይ በፍርሃት የኖሩት እነሱ እንደነበሩ ተረሳ። ፎቆቹን ማፍረስ በ1995 ተጀመረ፤ የመጨረሻው ረጅም ሕንፃ በ2011 ፈረሰ። በቦታው የሀብታም መኖሪያዎችና ሱቆች በቀሉ። በ2021 ናያ ዳኮስታ የሠራችው አዲሱ “ካንዲማን” የሚጀምረው በዚሁ በተለወጠው ሰፈር ነው። ፊልሙ በመጀመሪያው ሳምንት በአሜሪካ ገበያ አንደኛ ሲወጣ፣ ዳኮስታ እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳይሬክተር ሆነች።

የሮዝ ፊልም ትልቁ ውለታ ያንን የመድኃኒት ሣጥን ማሳየቱ ነው። ተመልካች ግን መንጠቆውን አስታውሶ ሣጥኑን ረሳው። ፊልሙን ዳግመኛ የሚያይ ሰው፣ መስታወቱ ሲነሳ፣ ስልክ ደውላ ያልተደረሰላትን ሴት ያስባት።