የኦሃዮ ዕቅድና የሥራ አጥ መድን፤ ምጽዋት ወይስ መብት?

በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮሎምበስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሥራው በድንገት ሲቋረጥበት ችግሩን በቅድሚያ የሚያዋየው ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ነው። ሕግ የፈቀደለትን የሥራ አጥ ክፍያ መጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የሚታሰብ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይታሰብ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። አንዱ እንደ ልመና ይቆጥረዋል፤ ሌላው የመኖሪያ ፈቃዱን ወይም የዜግነት ማመልከቻውን ያበላሽብኛል ብሎ ይሰጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ከክፍያው ታሪክ ተነስቶ መመርመር ነው። ክርክሩም አጭር ነው፤ ክፍያው ከመነሻው የሠራተኛው መብት ሆኖ የታቀደ ሲሆን፣ የምጽዋት መልክ የያዘው መዋጮው ከሠራተኛው ዓይን በመሰወሩ ነው። (ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የጉዳዩ መነሻ በ1929 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። እንግሊዝ በ1911 ባወጣችው ሕግ ለተወሰኑ የሥራ ዘርፎች የሥራ አጥ መድን ስትመሠርት፣ አሜሪካ ግን ሥራ ያጣውን ሰው ለበጎ አድራጊዎችና ለየአካባቢው የድሆች መርጃ ትታው ነበር። በመርጃው የሚረዳ ሰው ጓዳው ይፈተሻል፤ ምንም የሌለው መሆኑን ማስመስከር ይጠበቅበታል። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኞች አንድ አራተኛ ያህሉ ሥራ ባጡበት ወቅት ይህ አሠራር ችግሩን መሸከም አልቻለም። የአክሮን የጎማ ፋብሪካዎችና የያንግስታውን የብረት ማቅለጫዎች የነበሩባት ኦሃዮ ደግሞ ክፉኛ ከተጎዱት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ነበረች።

በዚያ ዘመን ሁለት ሐሳቦች ተፋጠጡ። የመጀመሪያው በጥር 1932 ሕግ ሆኖ የወጣው የዊስኮንሲን ዕቅድ ነው። በዚህ ዕቅድ መሠረት እያንዳንዱ አሠሪ ለራሱ ሠራተኞች ብቻ የሚውል መጠባበቂያ ያስቀምጣል። መጠባበቂያው ካለቀ የሠራተኛው ክፍያም ያልቃል። የዕቅዱ ደጋፊዎች ግምት አሠሪው ገንዘቡን ላለማጣት ሲል ሠራተኛ ከማባረር ይቆጠባል የሚል ነበር።

ሁለተኛው የኦሃዮ ዕቅድ ተብሎ በመላው አሜሪካ የታወቀው ነው። አገረ ገዥው ጆርጅ ኋይት ያቋቋሙት የሥራ አጥ መድን ኮሚሽን በ1932 ሪፖርቱን አቀረበ። ሰብሳቢው በአንቲዮክ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ላይዘርሰን ሲሆኑ፣ ከሐሳቡ ዋና አመንጪዎች አንዱ ሐኪሙና የማኅበራዊ መድን ሊቁ አይዛክ ሩቢኖው ነበሩ። ሁለቱም በዛሩ ሩሲያ ግዛት ተወልደው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ መሆናቸው ለእኛ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ኮሚሽኑ የደረሰበት ድምዳሜ አንድ ፋብሪካ በዓለም ገበያ መናጋት የሚመጣውን ሥራ አጥነት ብቻውን ሊከላከል አይችልም የሚል ነው። ስለዚህ የሁሉም መዋጮ በአንድ የጋራ ቋት እንዲጠራቀም፣ አሠሪው ከሚከፍለው ደመወዝ 2 በመቶ፣ ሠራተኛውም ከደመወዙ 1 በመቶ እንዲያዋጡ ሐሳብ አቀረበ። ሥራ ያጣ ሰው የደመወዙን ግማሽ፣ በሳምንት ከ15 ዶላር ሳይበልጥ፣ እስከ 16 ሳምንት ድረስ እንዲያገኝ ታሰበ።

የአሠሪዎች ማኅበራት ዕቅዱን አጥብቀው ስለተቃወሙት ሐሳቡ ቶሎ ሕግ አልሆነም። መንገዱን የከፈተው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በነሐሴ 1935 የፈረሙት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ነው። ሕጉ በአሠሪዎች ላይ የፌዴራል ግብር ጥሎ፣ የራሱን የሥራ አጥ መድን ባቋቋመ ክፍለ ግዛት የሚገኝ አሠሪ ከግብሩ እስከ 90 በመቶ እንዲቀነስለት አደረገ። ከዚያ በኋላ መድን ማቋቋም ለየክፍለ ግዛቱ የሚያዋጣ ሆነ። በኮሎምበስ የተሰበሰበው ምክር ቤትም በታኅሣሥ 1936 የኦሃዮን ሕግ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1937 የፌዴራሉን ግብር በ5 ለ4 ድምፅ አጸና።

የጋራ ቋት የሚለው የኮሚሽኑ ሐሳብ በሕጉ ውስጥ ቦታ አገኘ። የወደቀው የሠራተኛው መዋጮ ነው። ብዙ የሠራተኛ ማኅበራት በዚያ የችግር ዘመን ከትንሽ ደመወዝ ላይ ተጨማሪ ተቆራጭ እንዳይኖር ተከራክረው ነበር፤ ክርክራቸውም በጊዜው ተገቢ ነበር። ውጤቱ ግን ሁለት ገጽታ አለው። ሠራተኛው ከደሞዙ ምንም አልተቆረጠበትም፤ በዚያው ልክ በቋቱ ውስጥ ድርሻ እንዳለው የሚያሳየው ምልክትም ጠፋ። ዛሬም የኦሃዮ ሠራተኛ የደሞዝ ደረሰኙን ቢመረምር የማኅበራዊ ዋስትናና የሜዲኬር ተቆራጮችን ያገኛል፤ የሥራ አጥ መድን የሚል መስመር ግን አያገኝም። ብዙ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ አሠሪው የሚከፍለው መዋጮ ደመወዝ ሲተመን የሚታሰብ በመሆኑ አብዛኛው ሸክም ዞሮ ዞሮ ሠራተኛው ላይ ያርፋል።

ይህን ልዩነት ለመረዳት ኢትዮጵያዊው አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዕድርተኛ ኀዘን ሲደርስበት ድንኳኑንና ገንዘቡን ሲቀበል አያፍርም፤ በየወሩ መክፈሉን ራሱም ያውቃል፣ ጎረቤቱም ያውቃል። ዕድር በጠባዩ የኦሃዮ ዕቅድ ዘመድ ነው፤ አደጋው የአንዱ፣ ቋቱ የሁሉም ነው። በአንጻሩ የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የዊስኮንሲንን ዕቅድ ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተሰናባች ሠራተኛ የደነገጉት የሥራ ስንብት ክፍያን ነው። ይህም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ፣ ለተጨማሪው ዓመት በአንድ ሦስተኛ እያደገ፣ ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ የሚሰላ ነው። ከፋዩ ያው አንድ አሠሪ ነው። ድርጅቱ ከስሮ ከተዘጋና ንብረቱ ዕዳውን ካልሸፈነ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። አገር አቀፍ የሥራ አጥ መድን በኢትዮጵያ አልተቋቋመም። ስለዚህ ስደተኛው ከአገሩ ይዞት የሚመጣው ልምድ ወይ የአሠሪን ስንብት ወይ የዘመድን እጅ ነው፤ በሁለቱ መካከል የቆመውን የጋራ ቋት አላየውም።

አሁን የሚሠራበት የኦሃዮ ሕግ ይህን የመብት ጠባይ በግልጽ ያሳያል። አመልካቹ ድሃ መሆኑን እንዲያስመሰክር አይጠየቅም፤ የሚታየው የሥራ ታሪኩ ነው። ባለፉት አምስት የተጠናቀቁ ሩብ ዓመታት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አራቱ ቢያንስ 20 ሳምንት የሠራና በአማካይ ያገኘው ሳምንታዊ ደመወዝ ከክፍለ ግዛቱ አማካይ ደመወዝ 27.5 በመቶ ያላነሰ መሆን ይገባዋል። ሥራውን ያጣው ያለጥፋቱ መሆን አለበት፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የለቀቀ ወይም በሥራ ጥፋት በአግባቡ የተባረረ አይከፈለውም። በሥራ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ በሕጋዊነት የሠራበት ደመወዝ ይቆጠርለታል። ክፍያው የአማካይ ደመወዙ ግማሽ ሆኖ፣ እንደ ጥገኞቹ ብዛት የሚለያይ ጣሪያ አለው፤ የሚዘልቀውም ቢበዛ 26 ሳምንት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የመጠበቂያ በመሆኑ አይከፈልበትም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማመልከትና ሥራ መፈለጉን ማስረዳት ግዴታ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው የኦሃዮ የሥራና የቤተሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። የተከለከለ ሰው ውሳኔው ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሊል ይችላል።

ከላይ የተጠቀሰው የመኖሪያ ፈቃድ ሥጋት ምላሹ ከዚሁ ታሪክ ይመነጫል። የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት አንድን ሰው የመንግሥት ሸክም ነው ብለው ሲመዝኑ የሥራ አጥ መድንን አይቆጥሩም፤ በሥራ የተገኘ ጥቅም ነውና። ሌላው እንቅፋት ስምና ቀን ነው። የአባት ስም በአሜሪካ ወረቀት የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ብዙ ስደተኞችም የልደት ቀናቸው ጥር 1 ተብሎ ተመዝግቧል። በአሠሪውና በማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ የሰፈሩት ስሞች በአንድ ፊደል ቢለያዩ የማንነት ማጣራቱ ሊጓተት ይችላል። ስለዚህ መዝገቦቹን ሥራ ሳይጠፋ ማስተካከል ይበጃል።

ቋቱ ሁሉንም እንዳላቀፈ ግን መካድ አይገባም። የ1935ቱ ሕግ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ስላስቀረ እጅግ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ከመድኑ ውጭ ሆኑ፤ ለብዙዎቹ በሩ የተከፈተው በ1976 ማሻሻያ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ የቆመው እንደ ራሱ ቀጣሪ የሚቆጠረው የታክሲ ሾፌር ነው፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎቹ በዚህ ሙያ ይተዳደራሉ። በመጋቢት 2020 የወጣው የወረርሽኝ ጊዜ ሕግ ለእነዚህ ሠራተኞች ልዩ የሥራ አጥ ድጋፍ ፈቅዶ ነበር፤ እስከ መስከረም 2021 ዘልቆም አበቃ። ለጊዜው የተቻለው ለዘለቄታው የማይቻልበት ምክንያት ምን እንደሆነ ማኅበሮቻችን ሊጠይቁ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ቀጣሪ ላለው ሠራተኛ ግን በሩ ክፍት ነው። የኦሃዮ የክፍያ ጊዜ በመደበኛው የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ሳምንት ጀምሮ ነው፤ ሥራው ከተቋረጠበት ቀን አይነሣም። በይሉኝታ ወይም በፍርሃት ዘግይቶ የሚያመለክት ሰው ያሳለፋቸው ሳምንታት አይመለሱለትም፤ ኪራዩ ግን በየወሩ ይመጣል።