የክሬዲት ቅብብል ስምምነት

«ሁለት ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ።» በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ልጅ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ ይህ ስሌት መነሳቱ አይቀርም። አሶሼት ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው፤ ባችለር ዲግሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 120። ግማሹን በአነስተኛ ክፍያ፣ ከቤተሰብ ጋር እየኖሩ መጨረስ ብልህ ምርጫ ነው። ፈተናው የሚመጣው ሁለተኛው ግማሽ ሲጀመር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። የባከነው ጊዜም ገንዘብም ነው።

ይህን ብክነት ለመቀነስ ሁለት ተቋማት የሚፈራረሙት ውል «አርቲኩሌሽን አግሪመንት» ይባላል። በአማርኛ የክሬዲት ቅብብል ስምምነት ቢባል ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል። የተለመደው «ዝውውር» የሚናገረው ስለ ተማሪው መሄድ ነው፤ ቅብብል ግን እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ሰጪም ተቀባይም ይፈልጋል። ኮሌጁ የሚሰጠው ኮርስ በዩኒቨርሲቲው የትኛውን ኮርስ እንደሚተካ፣ ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ፣ ለየትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚሠራ አስቀድሞ ይጻፋል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው «ክሬዲትህን ተቀብለናል» የሚለውን ሲሰማ ነው። መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ለዲግሪው መቆጠር ሌላ። ኢንጂነሪንግ ሊማር ያሰበ ተማሪ በኮሌጅ ያለ ካልኩለስ የሚሰጠውን ፊዚክስ ቢወስድ፣ ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን እንደ ምርጫ ኮርስ ሊመዘግብለት ይችላል። የኢንጂነሪንግ ክፍሉ የሚጠይቀው ግን በካልኩለስ ላይ የተመሠረተውን ነው። ስለዚህ ፊዚክስን እንደገና ይማራል፣ እንደገና ይከፍላል። ለኮርሱ ከመመዝገቡ በፊት፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የቅብብል ስምምነቱን ቢያነበው ኖሮ ይህ ባልደረሰበት ነበር።

አሠራሩ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። ካሊፎርኒያ «አሲስት» በተባለ የሕዝብ ድረ ገጽ የየኮሌጁን ኮርሶች ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር አንድ በአንድ አዛምዳ ታሳያለች። በ2010 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ለዝውውር የተዘጋጀ አሶሼት ዲግሪ ፈጥሯል፤ ይህን የያዘ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያገኛል፣ በቀሪ 60 ክሬዲትም ይመረቃል። ዋስትናው ግን ለሥርዓቱ እንጂ ተማሪው ለሚመኘው ካምፓስ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ሰሜን ቨርጂንያ፣ ኖቫ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ኮሚኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 «አድቫንስ» የተባለ የጋራ ፕሮግራም ጀምረዋል። ተማሪው ገና ኖቫ እያለ እስከ ባችለር የሚወስደውን የኮርስ ዝርዝር ይዞ ይጓዛል፤ የሚከታተለው አማካሪም አለው።

የዲግሪው ዓይነትም መታየት አለበት። አሶሼት ኦፍ አርትስና አሶሼት ኦፍ ሳይንስ በአብዛኛው ለመቀጠል የታሰቡ ናቸው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ግን በቀጥታ ወደ ሥራ ለማስገባት ስለተቀረጸ፣ ብዙ ኮርሶቹ ሳይቆጠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ነርሲንግ እዚህ ላይ የራሱ መንገድ አለው፦ በአሶሼት ዲግሪ የብሔራዊ ፈቃድ ፈተናውን ያለፈ ነርስ፣ እየሠራ ባችለሩን የሚያጠናቅቅበት ፕሮግራም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አለ። ኒውዮርክ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዳዲስ ነርሶች ፈቃድ ባገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ ታስገድዳለች።

ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ለመጣ ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በሁለት የአሜሪካ ተቋማት መካከል የተፈረመ ስምምነት በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር የተወሰደን ኮርስ በራሱ አይሸፍንም። ያ ትራንስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ለብቻው ይመዘናል፤ ኮሚኒቲ ኮሌጁ ቢቀበለውም ዩኒቨርሲቲው እንደገና ሊመረምረው ይችላል። በዚህ ጊዜ የየኮርሱን ይዘት የሚያሳይ ሲላበስ በእጁ የያዘ ተማሪ የትምህርት ክፍሉን የሚያሳምንበት ማስረጃ ይኖረዋል።