ጥሬ ዓሣ መመገብና የሚያስከትለው የጤና ችግር

ከቱላም ሆነ ከሌሎች የሐዋሳ ክፍለ ከተሞች ወደ አሞራ ገደል የሚሄዱ ብዙዎች ከጥብሱና ከሾርባው ሌላ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይመገባሉ። «አሁን ከሐይቁ የወጣ ስለሆነ ምንም አያደርግም» ሲባል ይሰማል። ዓሣው ትኩስ መሆኑ ግን በውስጡ ያለውን ትል አይገድልም።

ጉዳቱ ምንድን ነው?
በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ፣ ቆሮሶና አምባዛን ጨምሮ፣ ኮንትራሲከም የተባለ ትል እጭ እንደሚገኝ በጥናት ታውቋል። ሰውን የሚይዘው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ እጩ በሕይወት ከተዋጠ ጨጓራን ወይም አንጀትን ሊያቆስል ይችላል። ንጹሕ ባልሆነ ውሃ የታጠበ ጥሬ ዓሣ ደግሞ ተቅማጥና ታይፎይድ ያስተላልፋል። ሎሚ፣ ዳጣ ወይም አልኮል መጠጥ እነዚህን አያጠፉም።

እንዴት ይከላከሉታል?
• ዓሣውን በደንብ አብስለው ይመገቡ። ሥጋው ነጥቶ በሹካ በቀላሉ ሲፈረፈር በስሏል (የውስጡ ሙቀት 63 ዲግሪ ሴልሺየስ)።
• ጥሬው የተቆረጠበትን ቢላዋና መክተፊያ ሳያጥቡ ለበሰለው አይጠቀሙ።
• ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ጥሬ ዓሣ ጨርሶ መብላት የለባቸውም።

ሐኪም ማየት ያለብዎት መቼ ነው?
ጥሬ ዓሣ ከበሉ በኋላ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሕመሙ ትርፍ አንጀት ሊመስል ስለሚችል ጥሬ ዓሣ መብላትዎንና መቼ እንደበሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። በራስዎ የትል መድኃኒት ገዝተው አይውሰዱ።

በደንብ የበሰለ ዓሣ ግን ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ ያለ ስጋት ይመገቡት።